የክርኑ ነገር

ሴፕቴምበር 5 ቀን 1996
ከደሴቱ

ለወይዘሮ ኢሶቤ ኩኒኤ፣

እትዬ፣ ሙቀቱ እንዴት ይዞዎታል? እዚህ ሰሜን በጋው ጓዙን ጠቅልሎ ሄዷል። ለምግብ የምንሸጠውን የባሕር ቅጠል ድንጋይ ላይ አስጥተን አድርቀን ጨርሰናል፤ ወገቤም አብሮ ደርቋል። ጀልባው በማዕበል ምክንያት ሦስት ቀን ስለቀረ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዘግይቶ ነው። ስለ መልሴ መዘግየት ይቅርታዎን እለምናለሁ።

«ለሰው አንድ ደግ ቃል የለህም ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። አለኝ እንጂ! የቤዝቦል ቡድናችን ሽመላዎቹ በዘንድሮው የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ያንን የኦሳካ መቺ ልጅ በአንደኛ ተራ ይጥሩት ስል ደግ ቃል አይደለም? እርስዎ ደግሞ ኳስ ተቀባይ ካልወሰድን ሞቼ እገኛለሁ ይላሉ። ልጁን አምስት ቡድን ይጠራዋል፣ ዕጣ ይወጣል፣ አሰልጣኛችን ከሳጥኑ የሚያወጣው ፖስታ እንደ ልማዱ ባዶ ይሆናል ብለው ፈርተው ነው። የአሰልጣኙ እጅ ዕድለ ቢስ ስለሆነ እኛም ፈሪ መሆን አለብን?

ስለ ሲሚንቶ ፋብሪካው ቡድን ግራኝ ወርዋሪ፣ ስለ ሙካይ ሱሱሙ ግን ሐሳቤን አልለውጥም። አይረባም። ፋብሪካው ቡድኑን በዲሴምበር እንደሚበትነው ጽፈውልኛል። ልጁ ሃያ አምስት እንደሞላው፣ ዘንድሮ ካልተጠራም ሌላ ዕድል እንደሌለው ጽፈውልኛል። ማዘን ሌላ፣ መመልመል ሌላ። ከአምስተኛው ዙር በኋላ ሲወረውር ክርኑ ይወርዳል፣ ኳሷም ጉልበት ታጣለች። በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ። አይወርድም ካሉ እስቲ ያስረዱኝ። በደንብ፣ ዘርዘር አድርገው ያስረዱኝ።

ቶጋሺ ሪዮኪቺ


ሴፕቴምበር 17
ካዜሃማ

አንተ ምላሰ መራራ ሰውዬ፣

ወገብህ ከደረቀ ምላስህም ትንሽ ይድረቅልኝ እላለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬ እንደ ድሮው ነው፤ ጨርሶ ሞቷል። ስልኩን የኡዶን ፓስታ ከምሸጥበት ቤቴ ካስነቀልኩት ወዲህ ግድግዳው ላይ የቀረውን ቀዳዳ በሽመላዎቹ የጨዋታ ፕሮግራም ሸፍኜዋለሁ።

ሱሱሙ ምን አድርጎህ ነው? ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ እሱ ስንጨቃጨቅ አንድ ቀን እንኳ አልራራህለትም። በመጀመሪያ «ኳሱ ዘገምተኛ ናት» አልክ፤ ፍጥነቷን በቁጥር ላክሁልህ። ቀጥለህ «ሰነፍ ነው» አልክ። አሁን ደግሞ ክርን!

እሺ፣ ዘርዘር ላድርግልህ። በየቀኑ ከልምምድ በኋላ ይመጣል። እንደማልሰማ ስለሚያውቅ ከበሩ ላይ ሁለት ጣት ያወጣል፣ ሁለት ሳህን ኡዶን ማለቱ ነው። የስኳር ድንች ጥብሱን ለመጨረሻ ያስቀምጠዋል፤ ጓደኞቹ ሊሰርቁት ሲሞክሩ ሳህኑን በክንዱ ይከልላል፣ ሃያ አምስት ዓመቱን የደፈነ ጎረምሳ! በኦገስት የኩባንያዎች ውድድር ላይ የተሸነፉ ዕለት ብቻውን መጣ። አልበላም። ሳልጠይቀው እጅጌውን ሰብስቦ ሳህኖቹን በሙሉ አጠበልኝ። ሲጨርስ የትእዛዝ ወረቀቴ ላይ በዚያ በግራ እጁ «ዛሬ ሾርባው ጨው በዝቶበታል» ብሎ ጻፈ። ሳይቀምሰው! ሳቄ አመለጠኝ፣ እሱም ሳቀ። አንጀቴን ነው የበላው።

አቶ ኩሮኪ፣ የሽመላዎቹ መልማይ፣ ትናንት እዚሁ ተቀምጦ ነበር። ወረቀት ላይ እንዲህ ጻፈልኝ፤ «ሙካይ፣ ስድስተኛ ተራ፣ የሚለወጥ ነገር ከሌለ።» ገባህ? ስድስተኛም ቢሆን መጠራት መጠራት ነው።

ስለ ውርርዳችን ሕጉን አትርሳ። ሽመላዎቹ ይጠሯቸዋል የምንላቸው ሰባት ስሞች፣ የታሸገ ፖስታ፣ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ካረፈበት በኋላ መለወጥ የለም። አምና በዋዜማው «ተቀባዩ እግሩን ሰብሯል» የሚል ቴሌግራም ልከህ ልቤን ቀጥ ያደረግከው አልተረሳም። ተሸንፈህ የላክሃትን የባሕር ቅጠል ገና በልቼ አልጨረስኳትም።

ኢሶቤ ኩኒኤ


ኦክቶበር 1
ከደሴቱ

እትዬ ኩኒኤ፣

የሳህኑን ነገር አራት ጊዜ አነበብኩት። ለክርክራችን ስለሚጠቅም ነው።

ሆኖም ብዙ ነገር ዘለዋል። ሳህኖቹን ሲያጥብ ፊቱ ምን ይመስል ነበር? ተቆጥቶ ነው ወይስ አዝኖ? እንቅልፍ ይተኛል? የሚያስባት ልጅ አለችው? ይህን የምጠይቀው በከንቱ አይደለም፤ ብቸኛ ሰው ሲደክም ክርኑ ቶሎ ይወርዳል፣ በእኛ ዘመን የታወቀ ነገር ነበር። የቅንድቡ ጠባሳስ አሁንም ይታያል? መጽሔት ላይ ያየሁት መስሎኝ ነው።

ክርኑ ይወርዳል እላለሁ። ካላመኑኝ ከጀርባው በኩል ተቀምጠው ከአምስተኛው ዙር ጀምሮ አተኩረው ይዩት። ከዚያ ያዩትን ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ። ወረቀት ካነሰዎት እልክልዎታለሁ።

ቶጋሺ


ኖቬምበር 5
ካዜሃማ

ወንድሜ ቶጋሺ፣

ዝም ያልኩህ ታምሜ አይደለም። የጠየቅከኝን ሁሉ በአንድ ደብዳቤ ልመልስ ብዬ ነው። የሚያስባት ልጅ የለችም፣ ወይም ደብቋታል። ጠባሳው አለ። እንቅልፉን እኔ እንዴት ልወቅ?

ዋናው ነገር ግን እጄን ሰጥቻለሁ። አሸንፈኸኛል። አምስት ጨዋታ ባልከኝ ቦታ ተቀምጬ አየሁ። በመጀመሪያው ምንም አልታየኝም። በሁለተኛው የመሰለኝ ነገር ነበር። በሦስተኛው ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ ከአምስተኛው ዙር በኋላ ክርኑ ይወርዳል! ሠላሳ ዓመት ኳስ ያየሁ ሴት፣ በየቀኑ የማበላውን ልጅ ክርን ሳላየው መኖሬ አሳፈረኝ። አንተ ከባሕር ማዶ በቴሌቪዥን አየኸው። እንዳንተ ያለ ዓይን አላየሁም።

ስለዚህ እውነቱን መሸሸግ ደጋፊነት አይደለም ብዬ በማዘጋጀው የደጋፊዎች ጋዜጣችን የኖቬምበር እትም ላይ ቃልህን እንዳለ አትሜዋለሁ። ስምህ እንዲወጣ እንደማትወድ ስለማውቅ «የደሴቱ ሰው» ብዬሃለሁ። ለአቶ ኩሮኪም ነገርኩት። ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈው። ሱሱሙም ጋዜጣውን እዚሁ አነበበው። አንድ ጣት አወጣ፣ አንድ ሳህን በላ፣ ሄደ። ልቤ ተሰብሯል፤ ግን ለቡድኑ ሲባል ነው።

ዝርዝሬ በታሸገችው ፖስታ ውስጥ አለልህ። ሙካይ የለበትም። የአንተንም እጠብቃለሁ።

ኩኒኤ


ቴሌግራም
ኖቬምበር 16

ክርኑ ውሸት ነው። አይወርድም። ለኩሮኪ ዛሬውኑ ይንገሩት። እለምንዎታለሁ። ደብዳቤ ተከትሎ ይመጣል።
ቶጋሺ


ፖስት ካርድ
ኖቬምበር 17

አንተ ቀጣፊ! ዘንድሮም በቴሌግራም? አምና እግር ነበር፣ ዘንድሮ ክርን ሆነ። ዝርዝሬን እንድለውጥ ነው አይደል? ዝርዝሬ ማኅተም አርፎበታል፣ የአንተም እንደዚያው። ለአቶ ኩሮኪ አሳየሁትና አብረን ሳቅን። የባሕር ቅጠልህን አዘጋጅ፣ ዘንድሮ ወፍራም ወፍራሙን ነው የምፈልገው።

ኩኒኤ


ኖቬምበር 16
ከደሴቱ

እትዬ፣

ይህን ከማንበብዎ በፊት ኩሮኪ ዘንድ ይሂዱ። ምርጫው ኖቬምበር 21 ነው። ደብዳቤው ተመልሰው እስኪመጡ ይጠብቅዎታል።

ሙካይ ሱሱሙ ልጄ ነው።

ስድስት ዓመት ሲሆነው ከእናቱ ጋር ተለያየን። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ከባሕር ስመለስ ቤቴ ሳይሆን መጠጥ ቤት ነበር የምገባው። ልጁ ከእርሷ ጋር ሄደ፣ የእርሷን የቤተሰብ ስም ያዘ። እኔም ፈረምኩ። ፊቴንም ደብዳቤዬንም እንዳያይ ቃል ገባሁ። በዕድሜዬ የጠበቅኩት ቃል ያ ብቻ ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት አንድ መጽሔት ላይ ሲሚንቶ ፋብሪካው አዲስ የቀጠራቸው ልጆች ፎቶ ወጣ። ከቴምብር አይበልጥም። ግን የቅንድቡን ጠባሳ አወቅሁት፤ ጀልባ ላይ ሳሳፍረው ከእጄ አምልጦ የወደቀ ጊዜ ነው የተቆረጠው። በዚያው መጽሔት ጀርባ የእርስዎ ጋዜጣ አድራሻ ነበር። ካዜሃማ ይላል፤ ፋብሪካው ያለበት ከተማ። የሽመላዎቹ ደጋፊ ነኝ ብዬ ጻፍኩልዎት።

በመጀመሪያው ደብዳቤ ሱሱሙን አመሰገንኩት። እርስዎ «እውነት ነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው» ብለው በአንድ መስመር ዘጉት። በሁለተኛው «አይረባም» አልኩ፤ ሦስት ገጽ ጻፉልኝ። ያን ቀን ገባኝ። ሳመሰግነው አንድ መስመር፣ ስሰድበው ሦስት ገጽ። ርቦኝ ነበር እትዬ። ሰባት ዓመት ልጄን እየሰደብኩ ልጄን አየሁት። ሁለት ጣት ሲያወጣ አየሁት፣ የድንች ጥብሱን ሲከልል አየሁት፣ እጅጌውን ሲሰበስብ አየሁት። በእርስዎ እጅ ጽሑፍ።

ሰበቦቼን አንድ በአንድ እየረቱ ጨረሱብኝ። ዘንድሮ የምለው ሳጣ ጊዜ ክርን ፈጠርኩ። በቴሌቪዥን አላየሁትም። የእኛ ቴሌቪዥን የኩባንያ ቡድን ጨዋታ መቼ ያሳያል? ሲወረውር አይቼው አላውቅም። አንድም ቀን። እርስዎ ደግሞ ይከራከሩኛል እንጂ ያምኑኛል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? መቼ አምነውኝ ያውቃሉ?

ዛሬ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ መንገድ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወደ ሽመላዎቹ ቢሮ ደወልኩ። አንዲት ልጅ «አስተያየትዎን ተቀብለናል፣ ዛሬ ከደወሉ ደጋፊዎች ሠላሳ አንደኛው ነዎት» ብላ ዘጋችው። ደግሜ ደወልኩ፣ ደግማ ዘጋችው። አባቱ ነኝ አልኳት። «ባለፈው ሳምንትም የአንድ ተጫዋች አባት ነኝ ያለ ነበር» አለችኝ። ደብዳቤዎን ያመጣው ጀልባ ተመልሷል፤ እስከ ረቡዕ ሌላ አይንቀሳቀስም ብለዋል። የቀረኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ሌላም ልናዘዝ። ሽመላዎቹን ደግፌ አላውቅም። ማንም ቢያሸንፍ ግድ የለኝም ነበር።

ልጁን እንዲያስጠሩልኝ እለምንዎታለሁ። ለሱሱሙ ግን ማን እንደሆንኩ አይንገሩት።

ቶጋሺ ሪዮኪቺ


ኖቬምበር 25
ካዜሃማ

ቶጋሺ፣

ሽመላዎቹን ደግፈህ ካላወቅህ አምና ሲያሸንፉ በደብዳቤ አብረኸኝ ያለቀስከው ምን ነበር? ከሁሉ በፊት እሱ ነው ያመመኝ፣ አየህ እኔን ጉደኛ። አሁን ወደ ሌላው ልግባ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በ23 ነው። ምርጫው ካለፈ በሁለተኛው ቀን።

በ21 ፋብሪካው አዳራሽ ውስጥ ለጋዜጠኞች ወንበር ደርድረው ነበር። ሱሱሙ ከዚያ ጠፍቶ እኔ ጋ መጣ። አንድም ጣት ሳያወጣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ። የኦሳካውን ልጅ አምስት ቡድን ጠራው፤ አሰልጣኛችን ከሳጥኑ ባዶውን ፖስታ አወጣ። ይኸው፣ ያልነው ሆነ። ሱሱሙ ዞሮ አየኝና ፈገግ አለ፣ ሊያጽናናኝ። ከዚያ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። እኔ አልሰማም፣ ስለዚህ ስሞቹን ከፊቱ ነበር የማነባቸው። ስድስተኛው ሲጠራ ዓይኑን ከደነ። ሰባተኛውን አላየም፤ ተነስቶ ሳህን ማጠብ ጀምሮ ነበር። ፊቱ ምን ይመስል ነበር ብለህ ጠይቀኸኝ አልነበረም? ተዘግቶ ነበር።

ደብዳቤህን አንብቤ ሱቁን ዘጋሁ። ኩሮኪ ዘንድ በታክሲ ሄድኩ። «ስሙ ስድስተኛ ላይ ተጽፎ ነበር» አለ፣ በወረቀት። «የቡድኑ ኃላፊዎች ክርኑስ ብለው ጠየቁኝ። ሠላሳ ዓመት ኳስ ያየች ሴት ይወርዳል ትላለች አልኳቸው። ሰረዙት። ቴሌግራሙን ስታሳዪኝ አብሬሽ ባልስቅ ኖሮ!» ከዚያ ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ።

እኔም አየሁት እኮ! በሁለት ዓይኔ አየሁት! የሌለ ነገር። አንተ ዋሽተሃል፣ እኔ ግን ምን ሆኜ ነው? አንተ ልጅህን ለማየት ብለህ ነው። እኔ አዋቂ ለመባል ነው። ማን ይብስ እንደሆነ አንተ ፍረድ።

የሚከፋው ገና ነው። ሱሱሙ ጋዜጣውን ካነበበ ጀምሮ ክርኑን ሊያነሳ ሲታገል ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻውን። የሌለውን ጥፋት ሲያርም ያለውን አበላሸ። ኳሷ መንገድ ስታለች፣ አሁን ትከሻውን ያመዋል። ዲሴምበር 8 የፋብሪካው ቡድን የመሰናበቻ ጨዋታ አለው፤ የሚወረውረው እሱ ነው።

ትናንት መጣና ወረቀት ጠየቀኝ። የጻፈውን አያይዤልሃለሁ። የእጁን ጽሑፍ አይተህ አታውቅም መሰለኝ። እንዲህ ይላል፦

«የደሴቱን ሰው አድራሻ ይሰጡኛል? ላመሰግነው እፈልጋለሁ። በሰባት ዓመት ውስጥ እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው። ቀደም ብዬ ባውቀው ኖሮ አርመው ነበር። ሌላም ያየብኝ ነገር ካለ ልጠይቀው።»

አድራሻህን አልሰጠሁትም። አድራሻውን ብሰጠው ስምህን ያያል፤ ያን ስም ሊረሳው አይችልም። «እኔ አደርስልሃለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። ሁለቴ ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝ።

እንግዲህ ቃል የገባኸው አንተ ነህ። የምትልከውን ሳልከፍት እሰጠዋለሁ። ከስምህ ጋርም ሆነ ያለ ስምህ።

ኩኒኤ


ዲሴምበር 1
ከደሴቱ፣ በወይዘሮ ኢሶቤ በኩል

ለአቶ ሙካይ ሱሱሙ፣

ክርንዎ አይወርድም። ወርዶም አያውቅም። የጻፍኩት ሐሰት ነው፤ ሲወረውሩ አይቼዎት አላውቅም። እባክዎ በ8 እንደ ድሮዎ ይወርውሩ፤ ትከሻዎንም ሐኪም ይየው።

ወይዘሮ ኢሶቤን አይቀየሟቸው። ያመኑት እኔን ነው።

ምስጋናዎን መልሼ ልኬያለሁ፤ ወረቀቷ እዚሁ ውስጥ አለች። ላስቀምጣት ፈልጌ ነበር፣ ግን የእኔ አይደለችም።

ሌላ ያየሁብህ ነገር ካለ ጠይቀሃል። አንድ አለ። ስድስት ዓመትህ ነበር። ጀልባው እስኪመጣ ወደቡ ላይ ቆመን ድንጋይ ወደ ባሕሩ ትወረውር ነበር፣ በግራህ። እናትህ ና ስትልህ «አንድ ብቻ» አልክ። እኔ ደግሞ ከኋላህ ሆኜ «አይረባም፣ ድገመው» እልህ ነበር፣ ጀልባው እንዲያመልጣችሁ ብዬ። እየሳቅህ ደገምከው። ክርንህ ያኔም አልወረደም።

ምክንያት የለኝም፣ የምጠይቅህም የለኝም። እስከዚያን ቀን ድረስ አንተም ትጠራበት የነበረው የቤተሰብ ስም ይኸው ከታች ነው።

ቶጋሺ ሪዮኪቺ